ሁለት ሰዓት የእትዬ ዘምዘም ነበር

ባለፈው ሰኞ ልጄ ማኅሌት ከወትሮዋ ቀድማ ተነሳች። የምትሠራው ቦሌ፣ አንድ ፎቅ ላይ ነው፤ አውሮፓ ላሉ ደንበኞች በስልክ መልስ ትሰጣለች። ዕቃ የዘገየበት ወይም የገዛው ማሽን አልሠራ ያለው ፈረንጅ ሲደውል እሷ ታነሳለች። ሁልጊዜ ቁርሷን ተረጋግታ በልታ የምትወጣ ልጅ ፀጉሯን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ጫማዋን ከአልጋ ሥር ስትፈልግ አየኋትና «ምን ሆነሻል? ስብሰባ አለ እንዴ?» አልኳት።

«አይ እማ፣ ሰዓት ቀየሩኮ። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሰዓት ቀድመን ነው የምንገባው።»

«ማን ቀየረ?»

«ፈረንጆቹ ናቸዋ! በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ይቀይሩ የለ? ተይው፣ ላንቺ ማስረዳት ይከብደኛል።»

ሻይዋን ቆማ ጠጥታ ሄደች። እኔ ብርጭቆዋን ይዤ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። መጋቢት ከተጋመሰ በኋላ ፈረንጅ ሰዓቱን እንደሚቀይር እኔ ያወቅሁት እሷ ከመወለዷ በፊት ነው። ያወቅሁትም ከመጽሐፍ አይደለም። ከአንድ ቴሌቪዥን፣ ከአንድ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ ካስቀመጡ አባት እና ከእትዬ ዘምዘም ነው።

ያን ጊዜ ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ስድስተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ አባቴ ስለሞተ ትምህርቱ እዚያው ቀርቷል። እናቴ ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም ትቸረችር ነበር። እኔም ከእሷ ጋር እንድነግድ ተሞክሮ አልሆነም። ገዢ ሲመጣ አንገቴን ደፍቼ ዝም እላለሁ። «ስንት ነው?» ሲሉኝ እናቴን አያለሁ። ሰዉ ትቶኝ ወደሚቀጥለው መደብ ያልፋል። እናቴ አንድ ቀን በጣም ደክሟት «አንቺ ልጅ፣ በርበሬው ራሱ ካንቺ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ያስነጥሳል» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። እውነቷን ነው።

እዚያው ሾላ ብርድ ልብስና ፍራሽ የሚሸጡ ጋሽ ከድር የሚባሉ ሰው ነበሩ። ብዙ ዓመት ብርድ ልብስ ሲሸጡ ኖረው ኋላ «ከምሸጠው፣ ሰው ባስተኛበት ይሻላል» ብለው ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙ በማይርቅ ቦታ ላይ ፔንሲዮን ከፈቱ። እናቴ ለመነቻቸውና ወሰዱኝ። አንሶላ ማጠብ፣ ወለል መወልወል፣ ጠዋት ጠዋት ቁርስ ማቅረብ ነበር ሥራዬ። መናገር የማያስፈልገው ሥራ ስለሆነ ደስ አለኝ።

መንገዱ ግን ያስጨንቀኝ ነበር። ዛሬ ሕንፃው እንደ ቄጠማ የበቀለበት ቦታ ያኔ አብዛኛው ሜዳ ነው። ከመገናኛ ወዲያ ጎመንና ሰላጣ የተተከለባቸው ማሳዎች ነበሩ፤ ዝናብ ሲጥል ጭቃው ከጫማ ጋር ይታገላል። የምሳፈረው በውይይት ታክሲ ነው፤ ከኋላ ሰው ፊት ለፊት፣ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ የሚቀመጥበት። ለዓይን አፋር ሰው ከዚያ የባሰ መጓጓዣ የለም። ወዴት ይታያል? ሁሌ የማየው የሰዎችን ጫማ ነበር። ማን ከየት እንደመጣ ከጭቃው ቀለም መለየት ጀምሬ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የጋሽ ከድር ፔንሲዮን ኩራቱ ዲሹ ነበር። ጣሪያው ላይ ትልቅ ነጭ ዲሽ ተተክሎ ነበር፤ በዚያ ሰፈር ያኔ ብዙ ቤት አልነበረውም። ሪሲቨሩ ግን አንድ ብቻ ነው። ምግብ ቤቱ ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን የሚያሳየውን ነው፣ በገመድ ተስቦ፣ በየክፍሉ ያሉትም የሚያሳዩት። እታች ጣቢያ ሲቀየር ከላይም ይቀየራል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ጠብ ነበር። ነጋዴዎቹ ዓረብኛውን ሲከፍቱ የጭነት አውሮፕላን የሚያበሩት ፈረንጆች ከላይ ይጮኻሉ፤ ፈረንጆቹ እንግሊዝኛውን ሲከፍቱ ሊታጠብ የገባ ነጋዴ ፎጣ አገልድሞ ደረጃው ላይ ይወጣና «ማነው የቀየረው?» ይላል።

ጋሽ ከድር ይህን ሲያዩ ቀኑን ከፋፈሉት። አንድ ሰዓት ላይ ቴሌቪዥኑ ዝም ይላል፤ የአገራችን የሬዲዮ ዜና ይከፈታል። ሁለት ሰዓት ላይ ዓረብኛው፣ የነጋዴዎቹ። ሦስት ሰዓት ላይ የእንግሊዝኛው የጠዋት ዜና፣ ሌሊት ሲበሩ አድረው የሚመጡት ፈረንጆች ቁርሳቸውን ሲበሉ የሚያዩት። ማታ የራሳችን ቴሌቪዥን። ጋሽ ከድር በዚህ ሥርዓት በጣም ይኮሩ ነበር። «ጣቢያ ማለት እኛ ነን!» ይሉ ነበር እንግዳ ሲመጣ። «እነሱ ከሰማይ ይልካሉ። መቼ እንደሚታይ የሚወስነው ግን ከድር ነው።»

ሪሞቱን ለእኔ ሰጡኝ። እንግዳ ተቀባዩ ዳዊት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ፣ እንግሊዝኛ የሚናገር አራዳ ልጅ፣ ቅር አለውና «ጋሼ፣ ለምን ለእኔ አይሰጡኝም?» አላቸው።

«አንተማ ኳስ ትከፍታለህ» አሉት። «እሷ የምትወደው ጣቢያ የላትም። ዳኛ መሆን ያለበት እንደዚህ ያለ ሰው ነው።»

ሪሞቱን በፌስታል ጠቅልዬ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ይዤው እዞር ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ማንንም ሳላይ እቀይራለሁ። የሚቆጣ ቢኖርም የሚቆጣው በጋሽ ከድር ነው።

ከጠዋቱ ሰዓቶች ሁሉ የሚፈራው ሁለት ሰዓት ነበር፤ የእትዬ ዘምዘም ስለሆነ። እትዬ ዘምዘም ከዓረብ አገር ጨርቅ እያመጡ የሚነግዱ ሰውነታቸው የሞላ፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሴት ነበሩ። መርካቶ ሱቅ አላቸው፤ ሲሄዱና ሲመለሱ ግን እኛ ጋ ያርፋሉ። መሃለኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ፉላቸውን በዳቦ እየዛቁ፣ ቃሪያውን እየገመጡ፣ የዓረብኛውን ዜና ለሌሎቹ ነጋዴዎች ይተረጉማሉ። ሲተረጉሙ የራሳቸውንም ይጨምሩበታል። ዜና አቅራቢው ዝም ሲል እንኳ እሳቸው ይቀጥላሉ።

ኦቦ ቱፋ በዚያ መጋቢት፣ በሁዳዴ መጨረሻ አካባቢ፣ አርብ ዕለት መጡ። ከአርሲ የመጡ ገበሬ ናቸው። ረዥም፣ ቀጭን፣ ቡናማ ኮፍያ ያላቸው፤ ቤት ሲገቡ ኮፍያውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ የሚያስቀምጡ። ልጃቸው ጅቱ ሯጭ ነበረች። ለውድድር ወደ አውሮፓ ሄዳ እሑድ ትሮጥና ማክሰኞ ጠዋት ትመለሳለች። አባቷ እንዲቀበሏት የክለቧ ሰዎች ናቸው ክፍሉን የያዙላቸው። ይህን ሁሉ የነገረን ዳዊት ነው። እሳቸው ራሳቸው ብዙ አይናገሩም። ሁለት ዝምተኞች ስለሆንን ይመስለኛል፣ ከእንግዶቹ ሁሉ ቀና ብዬ የማያቸው እሳቸውን ብቻ ነበር።

ሰኞ ጠዋት በአንድ ሰዓቱ የሬዲዮ ዜና መጨረሻ ላይ ስሟ ተጠራ፤ ሦስተኛ ወጥታለች። ዳዊት ከወንበሩ ዘሎ ተነሳና እጃቸውን ያዘ። «ፋዘር! ሰሙ? እንኳን ደስ አለዎት!» ነጋዴዎቹ አጨበጨቡ፤ እትዬ ዘምዘም ገና ከክፍላቸው አልወረዱም። ኦቦ ቱፋ ብድግ ብለው ለሁሉም እጅ ነሱና ተቀመጡ። ከዚያ ዳዊትን ቀስ ብለው «በዚህ ሳጥን ትታያለች?» አሉት።

«በደንብ! የእንግሊዝኛው ጣቢያ የትናንቱን ሩጫ ሦስት ሰዓት ላይ ያሳያል። ከስፖርቱ ጋር፣ መጨረሻው ላይ። ልክ ሦስት ሰዓት ጥሩዬ ትከፍትልዎታለች፤ አይደል ጥሩዬ?»

ስሜ ጥሩወርቅ ነው። ራሴን ነቀነቅሁ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ ዜናቸውን አይተው ወደ መርካቶ ከሄዱት ከእትዬ ዘምዘም በቀር፣ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ማብሰያ ቤት ያለችው ሴትዮ እንኳ እጇን በሽርጧ እየጠረገች በሩ ላይ ቆመች። ቀየርኩት። በየቀኑ የምናያቸው፣ ስማቸውን ባናውቅም የለመድናቸው ሁለት አቅራቢዎች፣ ሰውዬውና ፀጉሯ ወርቅ የሚመስለው ሴትዮ፣ አልነበሩም። ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ በመቀስ የጽጌረዳ አበባ ይቆርጣል። ጠበቅን። ሽማግሌው ሌላ አበባ ጋ ሄደ። አፈሩን በእጁ አፍሶ አሳየን። ኦቦ ቱፋ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያያሉ፤ ገበሬ ናቸውና አፈሩን ሳይወዱት አልቀሩም።

«እሷ ከአበባው ቀጥላ ነው?» አሉ በመጨረሻ፣ በትሕትና።

ዳዊት ላብ ላብ አለው። ጣቢያው ተበላሸ ብሎ ሪሞቱን ነጠቀኝ፣ መልሶ ሰጠኝ፣ የሪሲቨሩን ገመድ ነካካ። ከጣሪያው ላይ ዲሹን ንፋስ አዙሮት እንደሆነ ለማየት ሊወጣ ሲል፣ ካፒቴን የምንለው ሸበቶ ፈረንጅ እየሳቀ አንድ ነገር ነገረው። አብራሪ እንኳ አልነበረም፣ የአውሮፕላን ጠጋኝ ነው፤ ግን ካፒቴን ሲሉት ደስ ይለዋል። ዳዊት ሰምቶ ጭንቅላቱን ያዘ።

ጋሽ ከድር በዚሁ መሃል ከውጭ ገቡ። «ምን ሆናችኋል? ቀብር ነው እንዴ?»

«ጋሼ፣ ፈረንጆቹ ትናንት ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ገፉት። የጠዋቱ ዜና ሁለት ሰዓት ላይ አልፏል።»

«ገፉት? ምን ማለት ነው ገፉት? መኪና ነው እንዴ?»

«በጋ ሲመጣባቸው ይገፉታል፣ ብርድ ሲመጣ ይመልሱታል። ብርሃኑን ለመጠቀም ነው አለ ካፒቴን።»

ጋሽ ከድር በመስኮቱ ፀሐይዋን አዩ። ከዚያ ካፒቴንን አዩ። «እና ፀሐይዋን አስፈቅደው ነው?»

ሁላችንም ሳቅን፤ ኦቦ ቱፋም ፈገግ አሉ። ዳዊት እንደገና ካፒቴንን ጠየቀው። ካፒቴንም፣ ማክሰኞ ማክሰኞ በዚያው በጠዋቱ ዜና የሳምንቱን መጨረሻ ውድድሮች መለስ ብለው እንደሚያሳዩ ነገረን። ስለዚህ ነገም አለ። ግን ነገ ከእንግዲህ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ሁለት ሰዓት ደግሞ የእትዬ ዘምዘም ነው።

ዳዊት «ጋሼ፣ ለነገ ብቻ እናቀያይረው» አላቸው።

«አይሆንም። ሰዓቱን የገፉት እነሱ ናቸው። በእኔ ቤት ሰዓት አይገፋም። ዛሬ ለአንዱ ከቀየርኩ ነገ ሁሉም ይገፋፋኛል፤ ያ ፎጣ ያገለደመው ሰውዬ ተመልሶ ደረጃው ላይ ይቆማል። ሁለት ሰዓት ለነጋዴዎቹ ቃል የሰጠሁት ነው። ባለሰዓቷ ራሷ ከፈቀደች ግን ምን አገባኝ።» ይህን ብለው ወደ ሾላ ሄዱ፤ ማክሰኞም ጠዋት እዚያው ነበሩ።

ሰኞ ከቀትር በኋላ ለኦቦ ቱፋ ምግብ ይዤላቸው ወጣሁ። ጾሙን አጥብቀው ስለሚይዙ ከእኩለ ቀን በፊት አይቀምሱም። ግቢው ውስጥ፣ ልብስ የማሰጣበት ገመድ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። የበልጉ ደመና ከየረር በኩል እየጠቆረ ይመጣል፤ አንሶላዎቹን ለማንሳት ቸኩያለሁ። ስልጆውንና ሽሮውን አስቀምጬ ልሄድ ስል ተናገሩ። ለእኔ ይሁን ለአንሶላዎቹ አላወቅሁም።

«ከቤት የወጣችው ሳልፈቅድላት ነው» አሉ። «ሁለት ዓመት ሆናት። ሩጫ ሲባል ተቆጣሁ። ‹በሩጫ የሚበላው ጥንቸል ነው› አልኳት። ጥላኝ ሄደች። እናቷ ጋ ትልካለች እንጂ እኔን አነጋግራኝ አታውቅም። አሁን ግን ‹አባዬ ይምጣ› ብላ ላከች።»

አንሶላውን እንደያዝኩ ቆምኩ።

«መጣሁ። ነገ ከዚያ በር ስትወጣ ምን እላታለሁ? ሰው ነገረኝ፣ ሬዲዮ ነገረኝ ልበላት? ይሄንን ሁሉም ይላታል። አየሁሽ ብላት ደስ ይለኛል፤ ስትሮጪ አየሁሽ። ግን አላየሁም። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሌ ውሸት ሊሆን ነው?»

እጃቸውን ታጥበው ባረኩና መብላት ጀመሩ። እኔ «እትዬ ዘምዘምን ልለምንልዎት» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዝናቡ ጀመረና አንሶላዎቹን አቅፌ ሮጥኩ። ቃሉ ከእኔ ጋር ገባ።

ማክሰኞ ሲነጋም ዝናቡ አልቆመም። ዲሹ ዝናብ ሲበዛበት ምስሉ ይቆራረጣልና ሁላችንም ጣሪያውን እናዳምጣለን። ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል እትዬ ዘምዘም ሁለት ነጋዴዎች ይዘው ወረዱ፣ መሃለኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ፣ ፉላቸው መጣ። ኦቦ ቱፋ በሩ አጠገብ ጥግ ላይ ናቸው። ፊታቸው ባዶ ጠረጴዛ፣ ኮፍያቸው ጉልበታቸው ላይ። ማንንም አልጠየቁም። የሰው ሰዓት ነው ተብለዋል፤ በቃ።

«ንገሪያቸው እንጂ» አለኝ ዳዊት በጆሮዬ።

«አንተ ንገራቸው።»

«እኔን? ባለፈው ሻንጣቸውን ሌላ ክፍል ስላስገባሁባቸው እስካሁን ‹አንተ ሌባ› ነው የሚሉኝ። አታካብጂ ጥሩዬ፣ አንድ ቃል ናት።»

አንድ ቃል ናት ይላል! ሁለት ሰዓት ሆነ። እጄ ለምዶት ዓረብኛውን ከፈተ። ዜናው ጀመረ፤ እትዬ ዘምዘምም መተርጎም ጀመሩ። ባዶ እጄን መሄድ ስላልቻልኩ ዳቦ በሳህን ይዤ ሄድኩ።

«እትዬ ዘምዘም...»

«ዳቦ አለኝ።»

«ዳቦ አይደለም...»

«ሳህን ሙሉ ዳቦ ይዘሽ ዳቦ አይደለም ትያለሽ? ምን ትንሾካሾኪያለሽ፣ ሰው ሞተ እንዴ? ጮክ በይ!»

ነጋዴዎቹ ሳቁ። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። «ሰዓትዎን... ሰዓትዎን እንዲያውሱኝ ነው።»

እጃቸውን ዘርግተው የወርቅ ሰዓታቸውን አዩ። «ይሄን? ሠርግ አለብሽ?»

አሁን ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ድሮ ቢሆን እዚያ ላይ ነበር የምሸሸው። ወደ ማብሰያ ቤቱ በር አየሁ። ከዚያ ሳላስበው ወደ ጥጉ አየሁ። ኦቦ ቱፋ አልሳቁም። ስለ እሳቸው እንደሆነ ገብቷቸው በእጃቸው «ተዪው» እያሉኝ ነበር። ያ እጅ ነው ያናገረኝ።

«የቴሌቪዥኑን ሰዓት ነው!» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «የእኚያ አባት ልጅ ሯጭ ናት። ፈረንጆቹ ሰዓታቸውን ስለቀየሩ አሁን ነው የምትታየው። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ደግሞ ትመጣለች። ካላዩዋት የሚሏት ነገር የላቸውም። እባክዎን!»

ዳቦው ከሳህኑ ላይ አንድ አንድ እያለ ይንሸራተት ነበር። የዓረብኛው አቅራቢ ብቻውን ያወራል። እትዬ ዘምዘም ወንበራቸውን አዙረው ኦቦ ቱፋን አዩ።

«እርስዎ ነዎት አባቷ?»

«አዎን።»

«ታዲያ ከትናንት ጀምሮ አፍዎን ዘግተው የተቀመጡት ለምንድን ነው?»

«ሰዓቱ የሰው ነው ብለውኝ ነው፣ እመቤት።»

«ወይ ጉድ! ከድር ሰውን ሁሉ ወታደር አደረገው።» ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ታዪኛለሽ አንቺ? ቀይሪ! ቀይሪው ብዬሻለሁ!» አንደኛው ነጋዴ ዜናው መሃል ላይ ነው ብሎ ሲያጉረመርም «ዜናው የትም አይሄድም» አሉት። «ማታም ያው ሰዎች በዚያው ነገር ሲጣሉ ታያቸዋለህ።»

ቀየርኩት። ወርቃማ ፀጉር ያላት አቅራቢያችን ነበረች! ሰው ሁሉ ዘመዱን እንዳገኘ ተደሰተ። ግን ገና ነበር። የአየር ጠባይ መጣ፤ ከዚያ አንድ ባለ ክራቫት ሰው ብዙ አወራ፤ ከዚያ ኳስ። እትዬ ዘምዘም ትዕግሥታቸው እያለቀ «የምን ኳስ ነው ይሄ፣ ልጅቷን ያምጡ እንጂ!» ይላሉ። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ ምስሉ ይቆራረጥና ይመለሳል። እኔ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ፊቴን ወደ መስታወቱ አድርጌ፣ ሪሞቱን ይዤ ቆሜአለሁ።

መጣ። እርጥብ ጎዳና፣ ዛፎች፣ የሚያጨበጭብ ሕዝብ። ሴቶች ተሰብስበው ሲሮጡ ከጥጉ ገብተው በፊታችን አለፉና ወጡ። ከዚያ ካሜራው አንዲት ነጭ ልጅ ላይ ቆመ፣ ከእሷ አልነቀል አለ። ስትሮጥ፣ ስትገባ፣ እናቷን ስታቅፍ፣ ውኃ ስትጠጣ። «የአገራቸው ልጅ ናት» አለ ዳዊት። «ስምንተኛ ወጥታ ነው።» ከዚያ ወርቃማዋ ሴትዮ ፈገግ ብላ ወረቀቶቿን ሰበሰበች። አለቀ።

«እና የእኛዋ የታለች?» አሉ እትዬ ዘምዘም።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ፤ ከዚያም ወዲህ ረስቼው አላውቅም። እነሱም እንደ ጋሽ ከድር ናቸው። ማን ይታይ የሚለውን የሚመርጠው እዚያ ያለ ሰው ነው፤ የራሱን ልጅ መረጠ። ምን ይፈረድበታል?

«አየኋት» አሉ ኦቦ ቱፋ። ቆመው ነበር፤ ኮፍያቸው መሬት ወድቋል። «መጀመሪያ ላይ፣ ከነዚያ ካለፉት መሃል።»

ዳዊት አዘነላቸው። «ፋዘር፣ እነዚያ እኮ ብዙ ናቸው፤ እልም ብለው ነው ያለፉት። ሌላ ትሆናለች።»

«አየኋት መሰለኝ...» አሉ። ድምፃቸው ወረደ። ሰው ማየት የሚፈልገውን እንደሚያይ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ዙሪያውን አዩ፤ ነጋዴዎቹ ዓይናቸውን ወደ ፉሉ መለሱ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺ ቅርብ ነበርሽ። አየሽ?»

እሷ መሆኗን ባላውቅም አንዷን ለይቼ አይቼ ነበር። ሰው ሁሉ ፊት ሲፈልግ እኔ ፊት አልፈለግሁም፤ በውይይት ታክሲ ፊት ማየት አልለመድኩማ። «ከኋላ በኩል ሦስተኛዋ» አልኩ። «ሌሎቹ ክንዳቸውን ወደ ጎናቸው ያስጠጋሉ። እሷ ግን ግራ ክርኗን ወደ ውጭ አውጥታ ነው የምትሮጠው። እንደዚህ።» ክንዴን አጥፌ አሳየሁ።

ኦቦ ቱፋ ተመልሰው ተቀመጡ። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑና ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየን። ቆይተው ቀና ሲሉ እንዲህ አሉን፦ «ልጅ ሆና ከዛፍ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ወጌሻው ሩቅ ነበር፤ ወንዙም ሞልቷል። እኔው ራሴ በቀርከሃ አሰርኩላት። ጠምሞ ዳነ። ያ ክንድ የእኔ ሥራ ነው።»

ስለ ክንዷ ከዚያ በፊት ለማንም አልነገሩም ነበር። እትዬ ዘምዘም የሻርፓቸውን ጫፍ ይዘው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ወዲያው ግን ቃሪያው እንዳቃጠላቸው ሁሉ ሳል ሳል አላቸው። «በይ አሁን ወደ ዓረብኛው መልሺው» አሉኝ። «ለአባትየውም ሻይ አምጪ... ረሳሁት፣ ጾመኛ ናቸው። እንግዲያው አንቺ ራስሽ ጠጪ፤ ከንፈርሽ ደርቋል።»

አውሮፕላኑ ሲቃረብ ዳዊት ቦታውን ትቶ መሄድ ስለማይችል ኦቦ ቱፋን እኔ ይዣቸው ሄድኩ። ዝናቡ አባርቶ አስፋልቱ ይጨስ ነበር። ያኔ ተቀባይ የሚቆመው ውጭ፣ ከአጥሩ ወዲህ ነው። አበባ የያዙ የክለቡ ሰዎች ነበሩ፤ እኛ ከኋላቸው ቆምን። ጅቱ ስትወጣ መጀመሪያ ያየኋት እኔ ነኝ፤ በክርኗ ነው ያወቅኋት። ሻንጣዋን ስትጎትት እንኳ ግራ ክንዷ ወደ ውጭ ወጣ ይላል። አበባውን ተቀበለች፣ ሳቀች፣ ከዚያ ኮፍያቸውን ያወለቁትን አባቷን አየችና ሳቋ ቆመ።

ኦቦ ቱፋ ቀርበው እጇን ሳይሆን ክርኗን ያዙ። በኦሮምኛ ይነጋገራሉ ብዬ ስጠብቅ በአማርኛ ተናገሩ፤ እንድሰማቸው ፈልገው ነው መሰለኝ።

«ስትሮጪ አየሁሽ» አሏት። «ይቺ ልጅ ምስክሬ ናት። በደንብ አላሰርኩልሽም ነበር፤ እንደጠመመ ነው።»

ጅቱ ክርኗን አየች፤ አባቷን አየች። «አሰልጣኙ ሊያቃናው ሁለት ዓመት ሙሉ ለፋ» አለች። «እንቢ አለው፣ አባዬ። እንዳንተ ነው።»

ከዚያ የሆነውን አላየሁም። እንደ ልማዴ ጫማዎቻቸውን ነበር የማየው፤ የሷ ነጭ፣ የሳቸው የአርሲ ቀይ ጭቃ የደረቀበት። አራቱ ጫማዎች ቀስ ብለው ተጠጉና ቆሙ።

ኦቦ ቱፋ ሲሰናበቱኝ «ገለቶሚ» ብለው በኦሮምኛ አመሰገኑኝ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ጋሽ ከድር ግን ከሾላ ሲመለሱ ታሪኩን ሰምተው ሥርዓታቸውን አሻሻሉ፤ በጋ ለፈረንጅ ሲገባ ሁለት ሰዓት የእንግሊዝኛው፣ ሦስት ሰዓት የዓረብኛው ይሆናል ተባለ። እትዬ ዘምዘም ቤቱ እስኪናወጥ ተከራከሩና ተስማሙ። ቴሌቪዥኑ በየክፍሉ የራሱን ጣቢያ ማሳየት የጀመረ ጊዜ ጋሽ ከድር ጣቢያነታቸው አበቃ። እኔም ሪሞቱን አስረከብኩ። ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ዓይን አፋርነቴ ለቀቀኝ ብዬ ልዋሽ አልችልም። እስከ ዛሬ ሰው በተሰበሰበበት መናገር ይጨንቀኛል። የሚያስፈልግ ሲሆን ግን መናገር እንደምችል አውቃለሁ። ይህን ማወቅ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ዛሬም እኔ ከማኅሌት ቀድሜ ተነሳሁ። ዳቦ በማር ቀብቼ ጠበቅኋት። «እማ፣ አንቺ ደግሞ ለምን ተነሳሽ? ሰዓት የቀየሩት በእኔ እንጂ ባንቺ አይደለም» አለችኝ እየሳቀች። በልታ ወጣች። ግቢው በር ላይ ቆሜ ወደ ታክሲ መያዣው ስትሄድ ከኋላዋ አየኋት። ቦርሳዋን በቀኝ ትከሻዋ ሰቅላ በግራ እጇ ጣቶች የዘፈን ምት እንደምትመታ ጭኗን መታ መታ ታደርጋለች። ቀኝ እግሯን ስታነሳ ተረከዟ ትንሽ ወደ ውስጥ ይዞራል። ይህን ከዚህ በፊት አስተውዬው አላውቅም ነበር። እስክትሰወር ድረስ ቆሜ አጠናሁት። አንድ ቀን በሆነ ሩቅ አገር፣ ከብዙ ሰው መሃል፣ ለቅጽበት ብቻ ቢያሳዩኝ ልለያት ይገባኛልና።